ለአባባ፦ ስለ ወፍጮ ቤቱ ልጅ

ይድረስ ለምወድዎት አባባ፣ ለእማዬና ለማሙሽ። ለጤናችሁ እንደምን ሰነበታችሁ፣ እኔ ከናንተ ናፍቆት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ብርዱም ወጣልን፣ አሁን እስከ ማታ ሦስት ሰዓት ብርሃን ነው።

አባባ ባለፈው በቪዲዮ ስናወራ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ስለ ማሙሽ ሥዕል የጀመርኩትን ሳልጨርስ ቀረሁ፣ እርሶም "ሥዕል እንጀራ አይሆንም" ብለው ስልኩን ለእማዬ ሰጧት። ዛሬ ሺፍት የለኝም፣ ስለዚ በጽሑፍ ይሻላል ብዬ ነው፣ ማሙሽ ቀስ ብሎ ያንብብልዎት፣ ስለሱ ያልኩት ጋ ሲደርስም አፍሮ እንዳይዘል።

ነገሩ የጀመረው እዚሁ ዩትሬክት ነው። የቋንቋ አስተማሪያችን አንድ ቀን ክፍሉን በሙሉ ካታሬይነኮንቬንት ወደሚባል ሙዚየም ወሰደችን፣ ድሮ ገዳም የነበረ ቤት ነው። ሌሊቱን መጋዘን ውስጥ ዕቃ ስጭን አድሬ ዓይኔ አልገለጥ ብሎኝ ከኋላ ከኋላ እየተከተልኩ ነበር፣ አንዲት ሥዕል ጋ ስንደርስ ግን እንቅልፌ ጥሎኝ ጠፋ። እንጨት ላይ የተሳለች ናት፣ ቁመቷ 64 ሴንቲ ሜትር ብትሆን ነው። አንድ ጥቁር ሰው የክብር ልብሱን እንደለበሰ ተንበርክኳል፣ አጠገቡ የቆመው ያጠምቀዋል፣ ከኋላ ሠረገላ አለ፣ ፈረስ አለ፣ አሽከሮች አሉ፣ አንዱ አሽከር ትልቅ መጽሐፍ ገልጦ ይዟል። እማዬ፣ ጃንደረባው እኮ ነው! የንግሥት ህንደኬ ጃንደረባ፣ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8፣ ከኢየሩሳሌም ሲመለስ ሠረገላው ላይ ኢሳይያስን እያነበበ ፊልጶስ የደረሰበት፣ ማታ ማታ የምትነግሪን የኛ ሰው። አስተማሪዋ ይሄን ታሪክ የሚያውቅ አለ ወይ ስትል እጄን አወጣሁና በዚያች በተሰባበረች ሆላንድኛዬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገርኩት፣ "እነሆ ውኃ፣ እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድር ነው" ያለውን ሳይቀር። ይቺ አገር ከመጣሁ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ሲሰማኝ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

የሳለው ሬምብራንት ነው፣ ሬምብራንት ፋን ሬይን። በነሱ አቆጣጠር 1626 ላይ፣ ገና 20 ዓመት ቢሆነው ነው፣ እኛ ጋ አፄ ሱስንዮስ የነገሡበት ዘመን መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ ስለሱ ሳነብና ሙዚየም ለሙዚየም ስዞር ነው የከረምኩት፣ እና አባባ አንድ ነገር ሳገኝ በቃ እርሶ ፊቴ ላይ ድቅን አሉብኝ፦ ሬምብራንት እንደኛው የወፍጮ ቤት ልጅ ነው።

አባቱ ሃርመን ይባላል፣ ላይደን የሚባል ከተማ በንፋስ የሚዞር ወፍጮ ነበራቸው፣ የሚፈጩት ደሞ ብቅል ነው፣ ለቢራ ጠማቂዎች። እናቱ የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ናት። ፋን ሬይን የሚለው ስም እራሱ ወፍጮው አጠገብ ከሚያልፈው ወንዝ ከራይን የመጣ ነው። እሱ ዘጠነኛ ልጃቸው ነው፣ 1606 ነው የተወለደው፣ ተስፋ አድርገውበት የላቲን ትምህርት ቤት አስገቡት፣ 1620 ላይ ላይደን ዩኒቨርሲቲ ተመዘገበ። ልክ እርሶ ማሙሽን አካውንቲንግ ይማርልኝ እንደሚሉት፣ እነሱም የተማረ ሰው ሆኖ ትልቅ ቢሮ እንዲቀመጥላቸው ነበር የፈለጉት። ልጁ ግን ልቡ ሥዕል ላይ ነው። ምን አደረጉ መሰልዎት፣ ከዩኒቨርሲቲ አወጡትና እዛው ከተማ ያኮብ ፋን ስቫነንቡርክ ከሚባል ሰዓሊ ጋ ሦስት ዓመት ያህል አስተማሩት፣ ቀጥሎ አምስተርዳም ፒተር ላስትማን ጋ ስድስት ወር ላኩት። ላስትማን እራሱ ጃንደረባውን ደጋግሞ የሳለ ሰው ነው፣ ልጁ ከሱ ነው ያየው። እኔ ስለ ሬምብራንት ካነበብኩት ሁሉ ከሥዕሎቹም በላይ ቆሜ ያሰብኩት ስለነዚያ አባት ነው። ብቅል ሲፈጩ ውለው ዱቄት ለብሰው ማታ ቤት ሲገቡ፣ ልጄ ሰዓሊ ይሁን ብሎ መወሰን በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አይደለም።

ኦክስፎርድ፣ እንግሊዝ አገር፣ በጠመኔ የተሳለች አንዲት የሽማግሌ ሥዕል አለች፣ ከሥሯ የአባቱ ስም ተጽፎባታል። ፎቶዋን ነው ያየሁት። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነዋል፣ የደከማቸው ይመስላሉ። አባትየው 1630 ላይ ሞቱ፣ ሥዕሏም የዚያን ሰሞን ናት ነው የሚባለው።

ልጁ አምስተርዳም ገብቶ ስሙ ገነነ። 1632 ላይ ዶክተር ቱልፕ የሚባል ሐኪም አስከሬን ከፍቶ ሲያስተምር ሳለ፣ ከዚያ በኋላ ያልፈለገው ሀብታም የለም፣ ተማሪዎቹም በዓመት 100 ጊልደር (የዚያን ጊዜ የሆላንድ ገንዘብ ነው) እየከፈሉት ነበር የሚማሩት። 1639 ላይ በ13,000 ጊልደር ትልቅ ቤት ገዛ። "የሌሊት ዘብ" የሚሉት፣ ሰው ከዓለም ዳር መጥቶ የሚያየው ሥዕሉ የ1642 ነው፣ እኛ ጋ አፄ ፋሲል ጎንደርን ቆርቁረው ብዙም ሳይቆዩ ማለት ነው። ሌሊት ግን አይደለም፣ የተቀባው ቫርኒሽ ጠቁሮ ነው ስሙ የወጣለት። ግድግዳ ሙሉ ነው አባባ፣ ወደ አራት ሜትር ተኩል ይጠጋል፣ 1715 ላይ ከቦታ ቦታ ሲያዛውሩት አልበቃ ቢላቸው ጎን ጎኑን ቆርጠውታል፣ ይሄን ሳነብ ሆዴን ነው ያመመኝ።

አሁን የማልደብቅዎትን ልንገርዎት፣ ምክንያቱም እሱን ብቻ ደብቆ አታለለኝ እንዳይሉ። ሰውየው ደኽይቶ ነው የሞተው። ሚስቱ ሳስኪያ አራት ወልዳ ሦስቱ በጨቅላነታቸው ሞቱባት፣ አራተኛው ቲቱስ ዘጠኝ ወሩ ላይ እሷም ሞተች፣ ገና 29 ዓመቷ ነበር። እሱ ደሞ ገንዘብ መያዝ አያውቅበትም፣ ጨረታ በወጣ ቁጥር ሥዕል፣ ዛጎል፣ የጦር መሣሪያ፣ ሐውልት፣ ያየውን ሁሉ ይገዛል፣ የቤቱ ዕዳ ሳይከፈል ቀረ። ዕዳ ምን እንደሆነ እርሶ ያውቁታል፣ የሞተሩን ብድር ስንከፍል ቺንጋው በተበጠሰ ቁጥር እማዬ ስታለቅስ አልረሳሁም። 1656 ላይ ኪሳራውን አሳወቀ፣ ዕቃው አንድ በአንድ ተመዝግቦ 363 ተራ ቁጥር ሆነ፣ ተሸጠ፣ ቤቱም ሄደ። 1662 ላይ የሳስኪያን መቃብር ሳይቀር ሸጠ። ኋላ አብራው የኖረችው ሄንድሪክየ ቀድማው ሞተች፣ ቲቱስ በ26 ዓመቱ ሞተ፣ እሱም በዓመቱ፣ ጥቅምት 1669።

ግን አባባ፣ እነዚያ የድህነት ዓመታት ላይ የሳላቸው ናቸው ዛሬ ሰው ፊታቸው ቆሞ የሚያለቅስባቸው። "የአይሁዳዊቷ ሙሽራ" የሚሉት አምስተርዳም ሬይክስሙዚየም አለ፣ የሰውየው እጅጌ ላይ ቀለሙ ተከምሮ ተከምሮ ልክ እንደ ጭቃ ልስን ወጣ ገባ ነው፣ ጠጋ ሲሉ ቢጫ ጓል ነው የሚያዩት፣ ሦስት እርምጃ ወደኋላ ሲሉ ወርቅ ይሆናል። ሦስቴ አራቴ ጠጋ ራቅ እያልኩ አየሁት። ደሞ ዴንሃግ 1661 ላይ የሳላቸው ሁለት ጥቁር ሰዎች አሉ፣ አንዱ ከኋላ ሌላው ትከሻ ላይ ጠጋ ብሎ። በዚያን ጊዜ እሱ ይኖርበት በነበረው ሰፈር ነጻ የሆኑ ጥቁሮች ይኖሩ ነበር፣ 2020 ላይ በዚሁ ጉዳይ ሬምብራንት ራሱ ይኖርበት በነበረው ቤት ውስጥ ኤግዚቢሽን ተደርጎ ነበር። የሌላው ሰዓሊ ጥቁር ብዙውን ጊዜ አሽከር ሆኖ ጥግ ላይ ነው የሚቆመው፣ የሱ ሁለት ሰዎች ግን ሥዕሉን በሙሉ ይዘውታል፣ ፊታቸው ላይ ሐሳብ አለ።

ያ በዕዳ የሄደው ቤት አሁን ሙዚየም ነው። አንድ ፎቅ ላይ አንዲት ልጅ ቀለም እንዴት እንደሚሠራ ታሳያለች፣ የደቀቀ አፈር የመሰለ ነገር ድንጋይ ላይ አድርጋ ዘይት ጠብ ታደርግና በሌላ ድንጋይ እየዞረች ትፈጨዋለች፣ ትፈጨዋለች። ምን ዘይት ነው አልኳት፣ የተልባ አለችኝ። ተልባ! ሽታውን ሳሸት ኩሽናችን ትዝ አለኝ። ድንጋይ ድንጋይ ላይ ሲሄድ የሚያሰማውን ድምፅ ደሞ እርሶ ነዎት ያስለመዱኝ፣ ዓይኔን ብጨፍን ደብረ ማርቆስ ነኝ።

አባባ እንግዲህ ጥያቄዬ ይሄ ነው። ማሙሽ አዲስ አበባ ባለው በአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ይፈተን። የመጓጓዣውን፣ የአልጋውን፣ ካለፈም የኪሱን እኔ እችላለሁ፣ ከርሶ የምፈልገው ይሁን የሚል ቃልዎን ብቻ ነው። ቢያጣም እኔ አለሁ። የወፍጮ ቤቱን ግድግዳ በከሰል ሥሎበት ኖራ ያስቀቡበት ጊዜ ትዝ ይሎታል? እህላቸውን ይዘው ተራ የሚጠብቁትን ሴቶች ነበር የሳላቸው፣ አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ እኔ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

እማዬ ባለፈው በስልክ ያሳየችኝ ሥዕል ደሞ፣ እርሶ ጆንያው ላይ ደገፍ ብለው እንቅልፍ የወሰደዎት፣ ቅንድብዎ ላይ ያረፈችውን ዱቄት ሳይቀር ነው የያዛት፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዓይኔ አልጠፋ አለ። እዚህ ያለችው ጎረቤቴ ለመስከረም እዚያ መጥታ ትመለሳለች፣ በሷ ላኩልኝ። በሁለት ካርቶን መሃል አድርጋችሁ፣ እንዳይታጠፍ፣ ከበርበሬውም ጋር አንድ ላይ አታሽጉት።

ናፋቂ ልጃችሁ፣ ከዩትሬክት