ሜጋ ሳይሆን ቅድሚያ ነው የጎደለን

ለኔትወርክ ዘርጊው ድርጅት የደንበኞች አገልግሎት
ጎንደር

ጉዳዩ፦ የስልክ ጥሪ መቆራረጥን ይመለከታል

ፒያሳ አካባቢ አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ አለኝ። አምና ስልኩን፣ የጥበቃ ካሜራውንና የእንግዶቹን ዋይፋይ በአንድ መስመር አድርጋችሁ ዘርግታችሁልናል። ውሉ «ለድምፅ ቅድሚያ ይሰጣል» ይላል። ለዚህም ከፍለናል።

ጥር 8 ማታ አንድ ደንበኛ ለጥምቀት ክፍል ሊይዙ ከአዲስ አበባ ደወሉ። «ስድስ… ክፍ… ለአሥ…» ብቻ ነው የሰማሁት። ሦስቴ «ሃሎ» አልኩ። ዘጉት።

ቴክኒሻናችሁ «ሜጋ ጨምሩ» አለን። ከ10 ወደ 20 ጨመርን። ያው ነው። ቪዲዮ የሚጭን ሰው ያገኘውን መስመር ሁሉ ይበላል። አንድ ቀን ተናድጄ የካሜራውን መቅጃ የኔትወርክ ገመድ ነቀልኩት። ድምፁ ኩልል አለ። መልሼ ሰካሁት፤ መንተባተብ ጀመረ።

እኔ የሙያው ሰው አይደለሁም፤ የእህቴ ልጅ ነው ያስረዳኝ። አንድ ጥሪ በአንድ አቅጣጫ 100 ኪሎቢት እንኳ አይሞላም። ግን ድምፁ ፓኬት በሚሏቸው ትንንሽ ቁርጥራጮች ተከፋፍሎ በየ20 ሚሊ ሰከንዱ አንድ አንድ ይወጣል፤ ዘግይቶ የደረሰው ይጣላል። ፋይል ቢዘገይ ማን ያውቃል? ወሬ ግን ከ150 ሚሊ ሰከንድ በላይ ሲዘገይ መደማመጥ ይጠፋል። ስልኮቻችን በየፓኬቱ ላይ የቅድሚያ ምልክቱን፣ 46 የሚለውን ቁጥር፣ ይለጥፋሉ። የእናንተ ራውተር፣ መስመሩን የሚያከፋፍለው ሳጥን፣ ግን አያየውም። ታቦት ሲያልፍ እኮ መንገድ አይሰፋም፤ ሰው ነው ጥግ የሚይዘው።

ስለዚህ ድምፅን አስቀድሙ፤ ካሜራውንና የእንግዶቹን ዋይፋይ ከኋላ አሰልፉ። ወደ ውጭ የሚላከውንም ከመስመሩ አቅም ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ገድቡት። ያለዚያ ሰልፉ ከራውተራችን ውጭ ይፈጠርና ቅድሚያው ከንቱ ይቀራል። ያለ ጥቅም ያስጨመራችሁንን የ10 ሜጋ ክፍያም መልሱልን።

ባለፈው ሰውዬው ጠዋት 4 ሰዓት መጥቶ «ይሠራል» ብሎ ሄደ። ጠዋትማ ይሠራል፤ እንግዳው ሁሉ የፋሲል ግንብን ሊያይ ወጥቷል! ማታ 2 ሰዓት ኑ። ቡና አፈላለሁ። ካሜራው እንደተሰካ፣ እንግዶቹም ቪዲዮ እየጫኑ፣ ከእንግዳ መቀበያው ስልክ ደውላችሁ አሳዩኝ።

ከሰላምታ ጋር
የማረፊያው ባለቤት