አንድ ፊት ለሁለት ሥራ፦ ለጅማ ሕዝብና ከጎኔ ለቆማችሁ ሁሉ የምስጋና መልእክት

ይድረስ ተወልጄ ላደግኩባት ለጅማ ከተማ ነዋሪዎች፣ ለሐኪሞቿና ለነርሶቿ፣ ለስፖርት ቤተሰቡ፣ ፊልሙን አብረን ለሠራን ባልደረቦቼ በሙሉ።

ከሁሉ በፊት ደህና ነኝ። ዐይኖቼ አንዱን ነገር አንድ አድርገው ያያሉ። ሐኪሞቼ ወደ ልምምድ እንድመለስ ፈቅደውልኛል፤ ተቋርጦ የነበረው ፊልምም አልቆ በዚሁ በከተማችን ታይቷል። በቦክስ ግጥሚያ ስለደረሰብኝ የዐይን ጉዳት በየመንገዱ እያቆማችሁ ለምትጠይቁኝ ሁሉ መልሴ ይህ ነው። ምስጋናዬ ግን ያለ ታሪኩ ስለማይገባ ትንሽ ታገሡኝ።

እንደምታውቁት እንጀራዬ ቦክስ ነው። ፊልም በኋላ የመጣ ነው፤ ከመጣ ወዲህ ግን አንዱን ለሌላው ብዬ ትቼ አላውቅም። ብዙ ሰው ሁለቱ ሥራዎች ጊዜዬን የሚሻሙ ይመስለዋል። ጊዜ እንኳን ይገኛል። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት የተነሣ ሰው በሩጫ ጅሬን ወጥቶ፣ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ደጃፍ ተመልሶ፣ ገላውን ታጥቦ ለቀረጻ ይደርሳል። የሚሻሙት ፊቴን ነው። በፕሮፌሽናል ቦክስ የራስ መከላከያ አይደረግም። በእኔ ክብደት፣ እስከ 61.2 ኪሎ ግራም በሚፈቀደው ምድብ፣ እጅ ላይ የሚታሰረው ጓንት 8 አውንስ ነው፤ ሩብ ኪሎ እንኳን አይሞላም። ያንን አስሮ የሚመጣን ሰው «የፊቴን መልክ ለሚቀጥለው ቀረጻ ጠብቅልኝ» ብትሉት አይሰማችሁም። ፊልም ደግሞ የትናንቱን ፊት ዛሬም ይፈልጋል። በሩን ከፍቼ ስወጣ የተቀረጸው ዛሬ፣ ደጅ ስቆም የሚቀረጸው ከሳምንታት በኋላ ሊሆን ይችላል፤ ለተመልካቹ ግን ሁለቱ አንድ እርምጃ ናቸው። በመካከሉ ቅንድቤ ከተተረተረ ያ እርምጃ ተበላሸ።

የሁለቱ ሥራዎች ልማድም ቢሆን እርስ በርሱ ይጣላል። ቦክስ ምትን መደበቅ ነው፤ ትከሻህ ቀድሞ ከተናገረብህ ተጋጣሚህ ከቦታው የለም። በፊልም ግን ምቱ ከሩቅ መነሣት አለበት፤ ተመልካቹ ሲመጣ ካላየው እንደተሰነዘረም አይቆጥረውም። ቡጢው ከፊት ስንዝር ያህል ርቆ ያልፋል፣ ካሜራው የሚቆምበት አቅጣጫ ክፍተቱን ይሸፍነዋል፣ ድምፁ በኋላ ይገባል። እኔ ደግሞ ጎኔን ተመትቼ ምንም እንዳልሆነ ሰው መቆምን ስማር ነው የኖርኩት። ዳይሬክተሩ «ሕመሙ የታለ?» ይለኛል። ስክሪፕቱ «ይመታና ይወድቃል» ይላል፤ ቡጢ ሲመጣ ግን ጭንቅላቴ ሳላዝዘው ይሸሻል። አብሮኝ የሚተውነው ወንድሜ፣ በሕይወቱ ሰው መትቶ የማያውቅ ትልቅ የመድረክ ሰው፣ «እባክህ አንድ ጊዜ እንኳን ተመታልኝ!» እያለ ሲለምነኝ የቀረጻው ቡድን በሳቅ ይፈርስ ነበር። መመታትን በትዕግሥት አስተምሮኛልና ከልብ አመሰግነዋለሁ።

ጉዳቱ የደረሰብኝ አዲስ አበባ ላይ ባደረግኩት ግጥሚያ ነው። የተጋጣሚዬ ቀኝ እጅ ከግራ ዐይኔ ሥር አረፈ። ዐይንን ከታች የሚሸከመው አጥንት ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ስስ ነገር መሆኑን የተማርኩት ከተሰበረብኝ በኋላ ነው። ዐይኔን ወደ ታች የሚስበው ጡንቻ ከስብራቱ ገብቶ ተያዘ። ቀጥ ብዬ ስመለከት ደህና ነበርኩ፤ ቀና ስል ግን ሁሉም ነገር ሁለት ይሆንብኛል። ለቦክሰኛ ከላይ የሚመጣውን ቡጢ ሁለት አድርጎ ማየት ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። በፊልሙ ደግሞ የቀረኝ ትልቁ ትዕይንት መጋዘን ውስጥ የቡና ጆንያ ከላይ የምቀበልበት ነበር።

የመጀመሪያውን እርዳታ ያደረጉልኝ ሐኪም በአውሮፕላን እንዳልሄድ መከሩኝ፤ የተሰበረው አጥንት ከሥሩ ካለው ክፍተት ጋር ስለሚገናኝ የአየር ግፊቱ ለውጥ ሌላ ጣጣ ሊያመጣ ይችላል አሉ። እናቴ ያለችው ጅማ ነው፤ መታከምም የፈለግኩት እዚሁ ነው። ስለዚህ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን መንገድ በመኪና መጣሁ። ያመጣኝ ልጅ ሆነን አብረን ጓንት ያሰርን፣ ዛሬ የጭነት መኪና ሾፌር የሆነ ጓደኛዬ ነው። ከወልቂጤ በኋላ ወደ ጊቤ የሚወርደውን ጠመዝማዛ እንዴት ቀስ እያለ እንደነዳው የኋላ መኪኖች ጡሩምባ ይመስክር። ወንድሜ፣ ለነዳጁ እንኳን እጅህን አልዘረጋህም። ውለታህን አልረሳም።

በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የተቀበላችሁኝ የዐይንና የመንጋጋ ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ የጽዳት ሠራተኞችና የጥበቃ ሠራተኞች፣ ምስጋናዬ ትንሽ ነው። እብጠቱ እስኪቀንስ ጠበቃችሁ፤ ጡንቻው ተይዞ እንዳይቀር ደግሞ ቀኑን አላሳለፋችሁም። ቀዶ ሕክምናው ከታችኛው የዐይኔ ሽፋን ውስጠኛ በኩል ስለተሠራ ዛሬ ፊቴ ላይ ጠባሳ ብትፈልጉ አታገኙም። ለፊልሙ ሰዎች ይህ በረከት ነበር። ለእኔ ግን አንድ ጣጣ አመጣብኝ፤ በጅማው መርካቶ አካባቢ «ድሮም አልተመታም፣ ሜካፕ ነው፣ ለፊልሙ ማስታወቂያ ነው» የሚል ወሬ ተነሣ። ተዋናይ መሆን ክፉ ነገሩ ይህ ነው፤ እውነተኛ ሕመምህንም ትወና ያደርጉብሃል። ወሬውን ያስቆመችው እናቴ ናት። እንዴት እንዳስቆመችው አልነግራችሁም፤ የነበራችሁ ታውቃላችሁ።

ስለ ሰፈሬ ሰዎች ሰፋ አድርጌ መናገር አለብኝ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የተሰጠኝ ጥብቅ ትእዛዝ መናፈጥ ክልክል መሆኑ ነበር። ንፍጥ ስትናፈጥ አየሩ በስብራቱ በኩል ወደ ዐይን ዙሪያ ይገባል። ማስነጠስ ከመጣም አፍን ከፍቶ ማስነጠስ ነው። ይህ ሁሉ በጅማ ክረምት! ዝናቡ ከጠዋት እስከ ማታ በሚወርድበት፣ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ በሚያስነጥስበት ወቅት። ያን ጊዜ ነው ጎረቤቶቼ ማንም ሳያዛቸው ቡና መቁላቱን ከጋራ በረንዳችን ወደ ጓሮ ያዛወሩት፣ ጭሱ እንዳያስነጥሰኝ። በጅማ ቡና በበረንዳ አለመቁላት ምን ያህል መሥዋዕትነት እንደሆነ የውጭ ሰው አይገባውም። ከዝናቡ በታች ላስቲክ ወጥረው፣ ምድጃቸውን ተሸክመው፣ ሦስቱንም እዚያው ጓሮ ጠጡ፤ ለእኔ ቶና በረካ በመስኮት ይመጣልኝ ነበር። ዕጣንም ቀረ። ከሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት እትዬ በየማለዳው ከመስኮቱ ሥር ቆመው «ልጄ፣ አስነጠስክ?» ይሉኛል። «አላስነጠስኩም፣ እትዬ» ስላቸው «ተመስገን» ብለው ይሄዳሉ። ማኘክ ሲያቅተኝ አጥሚቱ በየተራ ከየቤቱ መጣ። እነሆ፣ የእናንተ አጥሚት ከምድቤ ክብደት በላይ አስገብቶኛል፤ አሠልጣኜ እናንተን የሚያመሰግነው በሌላ ቀን ነው።

የመርካቶ ነጋዴ እናቶች እቁብ ደግሞ ሌላ ነገር አደረገ። ዕጣው የወጣላቸው እናት ለልጃቸው ሠርግ አስበውት የነበረውን ገንዘብ ለእናቴ አሳልፈው ሰጡ። «ሠርጉ ክረምቱን ይውጣ፣ ዐይን አይጠብቅም» አሉ። ሠርጉ ተደርጓል፤ እኔም ሚዜ ነበርኩ። የባጃጅ ሾፌሮች ለክትትል ስመላለስ አንድም ቀን ሒሳብ አልተቀበላችሁኝም፤ በጉድጓዶቹ አጠገብ ስትደርሱ ወርዳችሁ ልትሸከሙኝ ምንም አልቀራችሁም። በጁምዓ ሶላት ዱዓ ያደረጋችሁልኝ አባቶች፣ በቅዳሴ ስሜን ያነሣችሁ ቀሳውስት፣ ዱዓችሁም ጸሎታችሁም ደርሷል። ከገጠር ማር ይዘው የመጡት የአባቴ ወገኖች፣ ገለቶማ።

ግጥሚያውን ያዘጋጀው ወገን ለሕክምናዬ ቃል የገባውን አልፈጸመም። ስም አልጠራም፤ ጉዳዩ በሕግ አግባብ ተይዟል። በዚህ ደብዳቤ ከዚህ በላይ ቦታ አይገባውም።

ተጋጣሚዬ ግን ቦታ ይገባዋል። ሆስፒታል እንደገባሁ ስልክ ደወለ፤ እናቴ አነሣች። «እኔ ነኝ የመታሁት፣ ይቅር በሉኝ እማማ» አላት። እናቴ ምን ብላ እንደመለሰችለት ታውቃላችሁ? «ሥራህን ነው የሠራኸው ልጄ፤ ብቻ ሁለተኛ እንዳትመታው።» ሁለተኛው ላይ መስማማት አልቻልንም፤ የመልስ ግጥሚያ ጠይቄዋለሁ።

ወደ ፊልሙ ልመለስ። ዳይሬክተሩና ፕሮዲውሰሯ ሌላ ተዋናይ ተክተው መቀጠል ይችሉ ነበር፤ የካሜራ ኪራዩ በቀን ይቆጠራል፣ ባለሀብቱም ይጨቀጭቃል። አልተኩኝም። መጀመሪያ እኔ የሌለሁበትን ሁሉ ቀረጹ። ከዚያ ከጀርባዬ የሚታዩትን በሰፈራችን ልጅ ቀረጹ፤ ትከሻው ከእኔ ይሰፋል፣ አላወቃችሁበትም። በመጨረሻ ሐኪሜ መቀመጥና መናገር ሲፈቅዱልኝ የንግግር ትዕይንቶቹን ከቀኝ ጎኔ ብቻ ቀረጹኝ። የሜካፕ ባለሙያዋ እህቴ በግራ ጉንጬ የቀረውን ብጫ ከሌላው ቆዳዬ ጋር ለማመሳሰል ጎህ ሳይቀድ ትነሣ ነበር። የድብድቡን ትዕይንቶች ግን ሐኪሜ «የውሸትም ቡጢ ቡጢ ነው» ብለው ስለከለከሉ ለመጨረሻ አቆዩልኝ። አንድም ሰው «እስኪ ትንሽ ብቻ ሞክር» አላለኝም። በሙያችን ይህ የተለመደ አይደለም፤ በቦክሱም በፊልሙም «ትንሽ ብቻ» ያሉ ሰዎች ስንቱን እንዳስቀሩ አይቻለሁ።

«ፊልም ነው የጣለው፤ ልቡ ከሪንጉ ወጥቷል» ላላችሁም መልስ አለኝ፤ ተቆጥቼ ሳይሆን ስለምትወዱኝ ነው ያላችሁት ብዬ። አሜሪካዊው ቦክሰኛ ኬን ኖርተን እ.ኤ.አ. በ1973 የመሐመድ አሊን መንጋጋ ሰብሮ አሸነፈ። በ1975 በትልቅ ፊልም ከዋና ገጸ ባሕርያት አንዱን ተጫወተ። በ1976 ተመልሶ ከአሊ ጋር 15 ዙር ተፋለመ፤ የተሸነፈው በዳኞች ነጥብ ነው፣ ውሳኔው ዛሬም ያከራክራል። አሊ ራሱ የዓለም ሻምፒዮን እያለ በ1977 የገዛ ሕይወቱን ታሪክ ተውኗል። በእርግጥ በፊልምም የተወነችው የድብልቅ ማርሻል አርት ተፋላሚ ሮንዳ ራውዚ በ2015 ሜልቦርን ላይ በሆሊ ሆልም ስትሸነፍም ፊልሙ ነው የጣላት የሚሉ ብዙ ነበሩ። እኔ ግን ሆሊ ሆልም የቦክስ ሻምፒዮን የነበረች፣ ርቀት የምታውቅ ሴት መሆኗን አስቀድሜ እቆጥራለሁ። የጣለኝ በደንብ የተሰነዘረ ቀኝ እጅ ነው። ሌላ ምክንያት መፈለግ የመታኝን ልጅ ማሳነስ ይሆናል።

አሠልጣኜ ጋሼ፣ አንተን በመጨረሻ ያደረግኩህ መመስገን ስለማትወድ ነው። ፊልም ስጀምር ብዙዎች ትቆጣለህ ብለው ነበር። አንተ ግን «ቦክስ በዓመት ስንት ቀን ያበላሃል? ሌላውን ቀን ማን ያብላህ?» ብለህ ለዳይሬክተሩ የልምምድ ሰዓቴን በወረቀት ጽፈህ ሰጠኸው፤ እሱም አከበረው። በታመምኩ ጊዜ ልምምድ ቤቱ መጥቼ ወንበር ላይ እንድቀመጥ አደረግከኝ፤ ጓንት ሳላስር የልጆቹን እግር እንዳይ፣ ስሕተታቸውን እንድነግራቸው። ሰው ሲመታ ከውጭ ቁጭ ብዬ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ብዙ ተምሬበታለሁ፣ ለሪንጉም ለካሜራውም። «ይበቃሃል» የምትልበት ቀን ሲመጣ እንደምሰማህ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ቃል እገባለሁ። ያ ቀን ግን ዛሬ አይደለም።

ስማችሁን ያልጠቀስኩ ብዙዎች ናችሁ፤ ደብዳቤው ስለጠበበ እንጂ ልቤ ስለጠበበ አይደለም። የእቁቡን ገንዘብ መመለስ ጀምረናል፤ እናቴ ደብተሩን ይዛለች፣ ያለባችሁን ጥያቄ ለእሷ አቅርቡ፣ ለእኔ አይደለም። ፊልሙን አዳራሹ ሞልቶ ያልገባችሁ በድጋሚ ሲታይ ትጠራላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልምምድ ቤት የምትመጡ የሰፈር ልጆች፣ ጓንት አለን፤ የጥርስ መከላከያ ግን እያንዳንዳችሁ የራሳችሁን ይዛችሁ ኑ። ወላጅ ሳያስፈቅድ የሚመጣ አይገባም፤ በሩ ላይ ጋሼ አለ።

አክባሪያችሁ፣
ቦክሰኛው ልጃችሁ
ከመንደራ፣ ጅማ