ጉዳዩ፦ ይተካል ተብሎ ስላልተተካው የውሃ አበባ እና በስልክ ስለተሰጠኝ መልስ

ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ደብረ ብርሃን

የኩሬውን ልክና ውሉን እዚህ አልደግምም፤ ፋይሉ እጃችሁ ላይ ነው። ባለሙያችሁ ኩሬዬ ውስጥ ተክላችኋቸው የበሰበሱት የውሃ አበባዎች «እስከ ሰኞ ይተካሉ» ብሎ ነበር። ሰኞ የመጣ ሰው የለም። ማክሰኞ ስደውል ስልኩን ያነሱት ሠራተኛ ስሜን እንኳ ሳይጠይቁ «የደብረ ብርሃንን ብርድ እያወቁ ለምን የውሃ አበባ ይተክላሉ?» አሉኝ። ያዘዝኩት ብርድ የሚችለውን መሆኑን ብነግራቸው «አበባ ያው አበባ ነው» ብለው ዘጉት።

ያው አይደለም። ብርድ የሚችለው ዝርያ የቅጠሉ ጠርዝ ልሙጥ ነው፤ አበባውም አብዛኛውን ጊዜ ውሃው ላይ ተኝቶ ይፈካል። የላካችሁት ጠርዙ እንደ መጋዝ የተሸራረፈ፣ ሰማያዊ አበባው ከውሃው በላይ ቀጥ ብሎ የሚቆም የቆላ ዝርያ ነው። ለሐዋሳ አየር ይሆን እንደሁ እንጂ፣ ውሃው ከ20 ዲግሪ በታች ሲወርድ እድገቱ ይገታል። ከተማችን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ውርጭ ይጥላል። ይህን እናንተም ታውቃላችሁ፤ ሠራተኛዋ ራሳቸው ነግረውኛል።

አተካከሉም እንደ ዝርያው ስሕተት ነው። ተክሉ የተተከለበት ባልዲ በኮምፖስት ተሞላ፤ ኮምፖስት ውሃ ውስጥ ይንሳፈፋል፣ ሲበሰብስ አልጌ ይጋብዛል። ከአጥሩ ውጭ በነፃ የሚገኝ ዋልካ አፈርና ከላይ 3 ሴንቲ ሜትር ጠጠር ይበቃ ነበር። ቡቃያ የሚወጣበት አናት ከአፈሩ ብቅ ማለት ሲገባው ተቀበረ። መጀመሪያ በላዩ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ውሃ ብቻ ኖሮት ቅጠሉ ሲጠነክር ቀስ በቀስ ዝቅ የሚደረገው ተክል በአንዴ ኩሬው ወለል ላይ ተቀመጠ። ሲወጣ ሥሩ በጣት ሲጫኑት እንደ ገንፎ ይሰምጣል፤ ሽታው አያስቀርብም።

ፓምፑንም መሀል ላይ ተከላችሁት፤ ፏፏቴው ቀኑን ሙሉ ቅጠሉን ይረጫል። የውሃ አበባ የረጋ ውሃ እንደሚወድ ለእናንተ መንገር ነበረብኝ? የማጓጓዣ ተብሎ ለተቀበላችሁት ገንዘብ ደረሰኝ እስካሁን የለም።

ስለዚህ የተክሉና የማጓጓዣው ገንዘብ በ7 ቀን ውስጥ ይመለስልኝ፤ ፓምፑ ወደ ዳር ይዛወር። ውርጩ ሳያልፍ አዲስ ተክል አታምጡ። በየካቲት ሲመጣ ቅጠሉን ሳላይ አልቀበልም። ሠራተኛዋም በጽሑፍ ይቅርታ ይጠይቁኝ። ይህ ካልሆነ ደብዳቤው ከፎቶግራፎቹ ጋር በሸማቾች ጥበቃ ሕግ መሠረት ለንግድ ጽሕፈት ቤት ይቀርባል።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ