ለበረራ ሐኪሙ ወዳጄ

ከሱሉልታ

ይድረስ ለምወድህ ለዶክተር ብሩክ፤

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ፣ ልጆችስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ዝምታው በዝቷል፤ ወቀሳህን ስንገናኝ እቀበላለሁ። አሁን «ከአየር ኃይል ሐኪምነት ወደ ጠፈር ሕክምና እንዴት ይገባል?» ላልከው ልመልስልህ።

መንገዱ እዚያው ቢሾፍቱ፣ ከአብራሪዎቹ ጋር ይጀምራል። ሌላው ሐኪም የታመመ ሰው ያክማል፤ አንተ ጤነኛውን ሰው ለሰው ባልተሠራ ቦታ ትጠብቃለህ። አብራሪ ደግሞ ከበረራ እንዳታግደው ሕመሙን ይደብቅሃል። ቢሮህ ተቀምጠህ አትጠብቀው፤ አብረኸው ብረር፣ ሻይ ጠጣ። ጠፈርተኛም ጠባዩ ያው ነው።

ቀጥሎ ግፊትን ጠንቅቀህ እወቅ። ሰልጣኞች በቻምበር (የከፍታን ስስ አየር በሚፈጥር ዝግ ክፍል) ወደ 25,000 ጫማ ከመውጣታቸው በፊት 30 ደቂቃ ንጹሕ ኦክስጅን ይተነፍሳሉ፤ ናይትሮጂኑ ከሰውነታቸው እንዲወጣ ነው። መሐል ላይ ጭምብሉ ከወለቀ ናይትሮጂኑ ይመለሳል፣ ከሥር ይጀመራል። ጉንፋን የያዘውን አታስገባ፤ ሲወጣ ምንም ላይሰማው ይችላል፣ ሲወርድ ግን ጆሮው ተደፍኖ ታምቡሩ ይጎዳል። እዚያ ከፍታ ላይ ጭምብሉን ያወለቀ ሰው በአግባቡ የሚሠራው ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ብቻ ነው። ጥፍሩ ሰማያዊ ሆኖ እየሳቀ «ደህና ነኝ» የሚልህን ፍራ።

ያው ናይትሮጂን ጠፈር ላይም ይጠብቅሃል። የዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የአየር ግፊት 14.7 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ሲሆን ለውጭ ሥራ የሚለበሰው ልብስ 4.3 ብቻ ነው፤ ሳይዘጋጁ መውጣት መገጣጠሚያን የሚያሳምም አረፋ ያመጣል። (በነገራችን ላይ እኛ ሱሉልታ የምንተነፍሰው አየር ከመንገደኛ አውሮፕላን ካቢን አየር የሳሳ ነው፤ የካቢኑ አየር የሚሳሳው ቢበዛ የ8,000 ጫማ፣ ማለትም የ2,440 ሜትር ገደማ ከፍታ አየርን ያህል ነው። በባሕር ወለል ላይ የተሠራ የኦክስጅን መለኪያ ሠንጠረዥ እንዳለ አትቅዳ።)

ትምህርቱን በተመለከተ አሜሪካኖቹ ከሕክምና ዲግሪና ከኢንተርንሺፕ በኋላ ኦሃዮ፣ ራይት ፓተርሰን ባለው የአየር ኃይል ትምህርት ቤት ይሠለጥናሉ፤ ከበረራ ክፍል ጋር ሠርተው ወደ በረራና ጠፈር ሕክምና ስፔሻሊቲ ይገባሉ። የጦሩ ስፔሻሊቲ በዋናነት ለራሳቸው የጦር ሐኪሞች ነው። ቴክሳስ፣ ጋልቨስተን ያለው የሲቪሎች ነው፤ ለእሱ መጀመሪያ የአሜሪካንን የሐኪሞች ፈተና ማለፍ አለብህ። ላንተ የሚቀርበው ኦሃዮ ለውጭ አገር የጦር ሐኪሞች የሚሰጠው ኮርስ ይመስለኛል። በግል ማመልከት አይቻልም፤ ወረቀቱ ከአለቃህ ተነሥቶ በመንግሥት በኩል ይሄዳል።

እስከዚያ አልትራሳውንድ ተለማመድ። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣ የሕክምና ጽሑፍ እንደተዘገበው፣ ምንም ሕመም ያልተሰማው ጠፈርተኛ የአንገቱ ደም መላሽ ሥር ውስጥ የረጋ ደም ተገኘበት። የተገኘው ለምርምር ሲታይ ነው፤ ፕሮቡን (ሰውነት ላይ የሚደረገውን የአልትራሳውንድ መሣሪያ) የያዘው ራሱ፣ የሚመራው ሰው ምድር ላይ! ጣቢያው ላይ ያለው ደም እንዳይረጋ የሚከላከል መርፌ ውሱን ስለነበር በጭነት መንኩራኩር እንክብል እስኪደርስ መጠኑን ቀንሰው አብቃቁት። ስለዚህ ጀርባህን አዙረህ፣ እስክሪኑን ብቻ እያየህ፣ ፕሮብ ይዞ የማያውቅ ሰው በቃል ብቻ ምራ። «ወደ ቀኝ» አትበል፤ ያንተ ቀኝ የእሱ ላይሆን ይችላል። «ወደ አገጭህ»፣ «ወደ ትከሻህ» በል።

ማመልከቻውን ስትጀምር የትምህርት ማስረጃህን ኮፒ ላክልኝ፤ እንግሊዝኛውን አይልሃለሁ። ለቤተሰቡ ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ወዳጅህ