ኮማንዶ በጭምብል አይለይም

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ስለ ኮማንዶ ጦሮች ያወጣችሁትን ጽሑፍ እዚህ አዳማ ከጓደኞቼ ጋር ቡና እየጠጣን አነበብነው። ደስ ይላል፤ ግን ጭምብሉና ጡንቻው በዛ። ጀግንነትማ መደበኛ ጦርም አለው። ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ላይ ስሙን ያስጠራው እግረኛ ጦር ሆኖ ነው። በፓራሹት መዝለልም ብቻውን ልዩ አያደርግም።

ዋናው የሚሰጠው ግዳጅ ነው፦ ትልቅ ጦር የማይገባበት በጥቂት ሰው ገብቶ መውጣት። ለዚህም ምልመላው ጨካኝ ነው። በእንግሊዙ ልዩ ጦር፣ በኤስ.ኤ.ኤስ፣ ፈተና አብዛኛው ይወድቃል። የሚፈለገው ደክሞትም፣ ብቻውን ሆኖም በትክክል የሚያስብ ሰው ነው።

ጭራሽ የዘለላችሁት ግን ድጋፉን ነው። በ1980 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ቴህራን የታገቱ ዜጎቿን ለማስለቀቅ ዴልታ ፎርስ የተባለውን ልዩ ጦሯን ላከች። ተዋጊዎቹ ምንም አይወጣላቸውም። ከተነሱት 8 ሄሊኮፕተሮች ግን ለግዳጁ የበቁት 5 ብቻ ሆኑ፤ ዕቅዱ ቢያንስ 6 ይፈልግ ነበር። ተሰረዘ። ሊመለሱ ሲሉ ደግሞ ሄሊኮፕተርና አውሮፕላን ተጋጭተው 8 ሰዎች ሞቱ። ለልዩ ጦር ብቻ የሚበር የሄሊኮፕተር ክፍል ያቋቋሙት ከዚያ ወዲህ ነው። እስቲ በሚቀጥለው ስለ አብራሪዎቹም ጻፉልን።

አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ