ስምህን ማን አወጣልህ? የአማርኛ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

በጥቅምት የመጀመሪያው ዓርብ ክበባችን ሲሰበሰብ የመጡት 9 ተማሪዎች ብቻ ነበሩ። ለእነሱ አንድ የቤት ሥራ ሰጠኋቸው፦ «ስምህን ማን አወጣልህ? ለምን? የአባትህንና የአያትህንም ስም ቤት ጠይቀህ ና።» በሳምንቱ 17 ሆኑ። ሁለት ልጆች ደግሞ በር ላይ ቆመው «ቲቸር፣ እኛም ጠይቀናል» አሉኝ። ዓመቱን ሙሉ የሠራነው ከዚያች ጥያቄ የወጣውን ነው። አሁን 31 አባላት አሉን።

መጀመሪያ ላይ ይዘው የመጡት ከስልክ ላይ ያገኙትን ፍቺ ነበር። ናሆም ማለት መጽናናት፣ ናትናኤል ማለት እግዚአብሔር ሰጠ። ትክክል ነው። እኔ የፈለግሁት ግን ሌላ ነው። ፍቺውን መጽሐፍ ይነግረናል። ያን ዕለት ቤት ውስጥ ምን እንደነበረ የሚያውቀው ግን ስሙን ያወጣው ሰው ብቻ ነው። መልሼ ላክኋቸው።

ለምን እንደላክኋቸው የገባቸው በሁለት ልጆች አባቶች ነው። የሁለቱም አባት ዘነበ ይባላሉ። የአንዱ አባት የተወለዱት ዝናብ ጠፍቶ ከብት ማለቅ በጀመረበት ጊዜ ነው። በተወለዱበት ሌሊት ዘነበ። ቤቱ እልል አለ። የሌላው አባት የተወለዱት ሐምሌ ላይ ነው፤ ወንዙ ሞልቶ አዋላጇ ማዶ ቀሩ። እናትየው ብቻቸውን ወለዱ። አንድ ስም ነው፤ አንዱ ቤት ምስጋና፣ ሌላው ቤት ጭንቅ ነው።

ከዚያ ወደ ሰዋስው ገባን። እውነቱን ለመናገር፣ ግስ እንደዚህ በደስታ ተምረውልኝ አያውቁም። የኛ ስም ብዙ ጊዜ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። አበበ፣ ከበደ፣ ታደሰ ኀላፊ ጊዜ ናቸው። ግዛው፣ ደምሰው፣ አስፋው ትእዛዝ ናቸው። አንዳርጋቸውን ፈታ ሲያደርጉት «አንድ አርጋቸው» ሆነ። ሽመልስ «ሺ መልስ» ሆነ። ማንደፍሮ ጥያቄ ነው። እዚህ ላይ አንድ ደንብ አወጣን፦ በእያንዳንዱ ስም ውስጥ ተናጋሪው ማን እንደሆነና ለማን እንደሚናገር ፈልግ። ዓለማየሁ ሲባል «አየሁ» የሚለው ሕፃኑ አይደለም። እናት ናት፣ ወይም አባት ነው። እንዳልካቸው ሲባልም አንድ ሰው ለሌላ ሰው እየመለሰ ነው። ማን ምን ብሎ ነበር? ይህን መዝገበ ቃላት አያውቀውም።

ኅዳር ላይ ካሳ፣ ምትኬ፣ ምትኩ፣ ተተካ፣ ማስረሻ የሚሉትን ስሞች ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። ክፍሉ ጸጥ አለ። እነዚህ ስሞች ብዙ ጊዜ የሚወጡት ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ከእነዚህ አንዱ የአንድ አባላችን አባት ስም ነው፤ የቱ እንደሆነ አልጽፍም። ልጁ ቤት ሄዶ ሲጠይቅ አባቱ ከመወለዳቸው በፊት የሞተ ታላቅ ወንድም እንደነበራቸው ሰማ። «ስሙን በየቀኑ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ፤ አጎት እንደነበረኝ ግን አላውቅም ነበር» አለን። ያን ቀን ስብሰባውን ቀድሜ ዘጋሁት።

ጥር ላይ ክርክር ተነሳ። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አውጥታ «የወንዶቹ ስም ጦር ሜዳ ነው፣ የኛ ጌጣጌጥ ነው» አለች። ወርቅነሽ፣ ብርነሽ፣ ተዋበች። ሌላዋ ተነስታ «አሰለፈች፣ አስናቀች፣ አሰገደችስ?» አለቻት። ሁለት ሳምንት ተከራከሩ። እኔ የመጀመሪያዋ ብዙውን እውነት ይዛለች እላለሁ። ሁለተኛዋ የቆጠረቻቸው የሴት አያቶች ስሞች ግን ዝም ብለው አይታለፉም።

ከሁሉ የምወደው ሥራችን በረንዳው ግድግዳ ላይ የለጠፍነው «ወንድማማች ስሞች» ነው። ልጆቻችን ቤታቸው የሚናገሩት ቋንቋ ልዩ ልዩ ነው። አንድ ትርጉም ያላቸውን ስሞች በአንድ ካርቶን ላይ ሰበሰቡ። ብርሃኑ፣ ኢፋ እና ኑር አንድ ካርቶን ላይ ናቸው፤ ሁሉም ብርሃን ነው። ደስታ፣ ሓጎስና ገመቹ ጎን ለጎን ናቸው። ዘነበና ሮባ አብረው ይዘንባሉ። ቴዎድሮስ ከግሪክ፣ ናትናኤልና ማቴዎስ ከዕብራይስጥ መጥተው የእግዚአብሔር ስጦታ ላይ ተገናኙ፤ ከዐረብኛ ሂባ አጠገባቸው ተቀመጠች፤ እሷም ስጦታ ናት። ገብረ እግዚአብሔርና አብዱላሂን ያጣመሩት ሁለት የ9ኛ ክፍል ጓደኛሞች ናቸው። አንዱ ግእዝ፣ አንዱ ዐረብኛ፤ ሁለቱም የፈጣሪ አገልጋይ ማለት ነው። ሁለቱ ልጆች ካርቶኑ ፊት ቆመው ፎቶ እንዳነሳቸው ለመኑኝ።

ኦሮምኛ ተናጋሪዋ አባላችን ደግሞ እኔ ልብ ብዬው የማላውቀውን አሳየችን። ቢቂላ ማለት በቀለ ማለት ነው። እንግዲህ አበበ ቢቂላ የሚለውን ስም አንብቡት፦ አባት በቀለ፣ ልጅ አበበ። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ካሸነፈ ወዲህ የውጭ ሰዎች «ቢቂላ» ይሉታል። እኛ ግን አበበ ነው የምንለው፤ ቢቂላ አባቱ ናቸው።

በዚህ ሰበብ ስለ ቤተሰብ ስም ተነጋገርን። በዚያው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰው ሁሉ የቤተሰብ ስም እንዳለው ይናገራል። ልማዳችን ግን አልተከተለውም። በአባትና በአያት ስም ቀጠልን፤ ሴትም ስታገባ ስሟን አትለውጥም። አሜሪካ ዘመድ ያለው አንድ ልጅ «የአጎቴ ልጆች የአያቴን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይዘውታል፤ እኔ ጋ ግን ሦስተኛ ቦታ ላይ ነው» አለ። ሁላችንም ደብተራችንን ገልጠን አየን።

ስለ አጻጻፍም ትንሽ ሠርተናል። ሥላሴ በንጉሡ ሠ፣ ሰላም በእሳቱ ሰ፣ ኅሩይ በብዙኃኑ ኀ። የገዛ ስማቸውን ያረሙ 6 ልጆች አሉ።

ግንቦት ላይ፣ በወላጆች ቀን፣ የአንዲት ተማሪ አያት ከጎጃም መጥተው ነበር። ስማቸውን ብንጠይቃቸው «የቱን?» አሉን። አባታቸው ያወጡላቸው አለ። ቄሱ ያወጡላቸው የክርስትና ስም አለ። ሲዳሩ ደግሞ አማታቸው ሌላ አወጡላቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የተጠሩት በዚያ ነው። «ባባቴ ስም የሚጠራኝ አሁን የለም። የሚያውቁት ሁሉ አለቁ» አሉ። የልጅ ልጃቸው ተነሳች። «እማማ፣ አንዴ እኔ ልጥራዎት?» አለችና ጠራቻቸው። «አቤት» አሉ። ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱት።

የዓመቱ ሥራ በአንድ ትልቅ መዝገብ ላይ ተጽፏል። ከሰኔ ጀምሮ ቤተ መጻሕፍታችን ይቀመጣል። የ31 አባላት ሦስት ሦስት ስም፣ በድምሩ 93 ስም አለው። ለምን እንደወጣ የተጻፈለት ግን 58ቱ ብቻ ነው። ከባዶዎቹ 22ቱ የአያቶች ናቸው፤ የሚጠየቅ ሰው አልተገኘም። ቦታውን አልሰረዝነውም። አንዷ ተማሪ በባዶው መስመር ላይ በእርሳስ «ደሴ ያሉት አክስቴ ያውቁ ይሆናል፣ ክረምት» ብላ ጽፋለች።