አርተርን ትተን ሚጌልን እናስነሳ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

«ልዑል አርተር ባይሞት ኖሮ» የሚለውን ያለፈው ሳምንት ጽሑፋችሁን ከዚራ ጥላ ሥር ሻይ ይዘን አነበብነው። አንዱ ጋዜጣ በጡረተኞች እጅ ሲዞር ዋለ፤ ክርክሩም እስኪመሽ አላለቀም። ጸሐፊው ጎበዝ ነው። ግን አቦ፣ ያስነሳው ሌላ ልጅ ነው!

የእንግሊዙ አልጋ ወራሽ አርተር ቱዶር በ1501 የስፔኗን ካትሪን አገባ (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ ነው)። አምስት ወር ሳይሞላ በ15 ዓመቱ ሞተ። እሱ ቢኖር ወንድሙ ሄንሪ 8ኛ አይነግሥም፣ ካትሪንንም አያገባም፣ በፍቺ ሰበብ ከሮም ጋር አይጣላም። እሺ። ግን ይሄ የእንግሊዝ ጣጣ ነው። እኔ ዕድሜዬን ምድር ባቡር ነው የሠራሁት፤ በእኛ ቋንቋ አርተር የቅርንጫፍ ሐዲድ ማዞሪያ ነው። የዋናው መስመር ማዞሪያ ሚጌል ነው።

ሚጌል በ1498 ሳራጎሳ ተወለደ። እናቱ እሱን እንደወለደች ሞተች። አባቱ የፖርቱጋሉ ንጉሥ ማኑኤል፣ አያቶቹ የስፔኖቹ ፈርዲናንድና ኢዛቤላ ናቸው። ገና በእቅፍ እያለ የፖርቱጋል፣ የካስቲልና የአራጎን አልጋ ወራሽ ተባለ። ሁለት ዓመት ሳይደፍን በ1500 ግራናዳ ላይ ሞተ። የስፔን ርስት ወደ አክስቱ ሁዋና፣ ከእሷም ወደ ልጇ ቻርልስ ዞረ።

ቻርልስ ከአባቱ ወገን ሌላ ሰፊ ርስት ነበረው። በ1516 ስፔን ተጨመረለት፤ በ1519 የጀርመን (የቅድስት ሮማ) ንጉሠ ነገሥት ሆኖ ተመረጠ። የፕሮቴስታንቱ መሪ ማርቲን ሉተር በ1521 ጀርመን አገር ዎርምስ ላይ የቆመው እሱ ፊት ነው። በ1527 ሮምን የዘረፉት ደመወዝ የቀረባቸው የእሱ ወታደሮች ናቸው። ሄንሪ ፍቺ ሲለምን ጳጳሱ ክሌመንት 7ኛ ያንገራገሩት አንድም እሱን ፈርተው ነው፤ የካትሪን የእህት ልጅ ነዋ!

«ካትሪን ለሚጌልስ አክስቱ አይደለችም?» ብሎ አንዱ ወዳጄ ያዘኝ። ናት። ግን ሚጌል ቢኖር የስፔን ገንዘብና የጀርመን ወታደር በአንድ ሰው እጅ አይገቡም ነበር። ሁለት የአክስት ልጆች፣ ሁለት መንግሥት። ጳጳሱም ትንሽ መተንፈሻ ባገኙ። ሄንሪ ፍቺውን አግኝቶ ቢሆን ደግሞ፣ አርተር ሳይነሳም እንግሊዝ ከሮም ጋር ትቀጥል ነበር ባይ ነኝ።

ክርክሩ የጦፈው ግን ወደ እኛ ሲመጣ ነው። በ1541 ፖርቱጋላዊው ክሪስቶቫዎ ዳ ጋማ 400 ወታደር ይዞ ከምፅዋ ሲነሳ ሊዝበን ላይ የነበረው ንጉሥ ጆአዎ 3ኛ ነው፤ የማኑኤል ልጅ፣ ከሁለተኛ ሚስቱ። ሚጌል ቢያድግ ጆአዎ ንጉሥ አይሆንም። ሐረሬው ጓደኛችን ይቺን ሲሰማ ከወንበሩ ተነሳ። «ያኔ ስፔንና ፖርቱጋል በአንድ ንጉሥ ሥር ይሆኑና ኃይሉ ሁሉ ሜዲትራኒያን ላይ ይውላል፤ 400ዎቹም አይመጡም። ኢማም አሕመድም በወይና ደጋ ጦርነት አይወድቁም!» አለ። እኔ አልተዋጠልኝም። ፖርቱጋሎች ቀይ ባሕር የገቡት ለህንድ ንግዳቸው ሲሉ ነው፤ ማንም ቢነግሥ ይመጡ ነበር። ኢማሙም ቢሆኑ ከየመኗ ዘቢድ የቱርክ ባለጠመንጃዎች መጥተውላቸዋል። እሱ ግን አልለቀቀኝም፤ እስካሁን እንደተኳረፍን ነን።

እባካችሁ ጸሐፊው ስለ ሚጌል ይጻፍልንና ይገላግለን። የዘር ሐረጉንም ሰንጠረዥ ሰፋ አድርጋችሁ አትሙት፤ ያለፈው በመነጽርም አልታየኝ።

የቀድሞ የምድር ባቡር ሠራተኛ
ከዚራ፣ ድሬዳዋ